የኮምቦልቻ ኤርፖርት ሒሳብ ከከሚሴ ሲታይ

ከሚሴ ኤርፖርት የላትም። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ አውሮፕላን የምታገኘው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወጥታ ኮምቦልቻ ላይ ነው። ከባቲም ሆነ ከሰንበቴ የሚነሳ መንገደኛ ቅርቡ ይኸው ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻ ኤርፖርት ጉዳይ የኮምቦልቻና የደሴ ብቻ ተደርጎ ሲወራ ከሚሴ ትረሳለች።

ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ በይፋ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሳምንቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። ለከሚሴ ዙሪያ ሰው ግን ሰማዩ መዘጋት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ከውጭ ለዑምራ የሚሄደውን ያገደችው የካቲት 19 ቀን ነበር። የዚያ ዓመት ሐጅ እዚያው ሳዑዲ ውስጥ ለነበሩ ጥቂቶች ብቻ ተፈቀደ። በቀጣዩም ዓመት የተፈቀደው ለ60 ሺህ የአገሪቱ ነዋሪዎች እንጂ ከውጭ ለሚሄድ አልነበረም። ለዓመታት ሳንቲም ሲቋጥሩ የኖሩ አባትና እናት ሁለት ሐጅ አለፋቸው።

ከወዲያ ማዶ ደግሞ የሚመለሱ ነበሩ። ወሎና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ አገር ከሚሸኙ አካባቢዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ድረስ ሳዑዲ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን አዲስ አበባ አወረደች። ለይቶ ማቆያ ገብተው 14 ቀን ከቆዩ በኋላ የሚጠብቃቸው የአውቶቡስ መንገድ ነበር። እሱም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ምክንያት የሚጭነው የወንበሩን እኩሌታ ብቻ ነበር።

የአገር ውስጥ በረራ ጨርሶ ባይቆምም መንገደኛው ሳሳ። እዚህ ላይ የትንንሽ ኤርፖርቶች ችግር ይጀምራል። አውቶቡስ ተሳፋሪ ሲያጣ ባለቤቱ መኪናውን አቁሞ ነዳጁን ያተርፋል። ኤርፖርት እንዲህ አይችልም። የእሳት አደጋ መኪናውና ሠራተኛው የሚመደቡት በሚያርፈው አውሮፕላን መጠን እንጂ በመንገደኛው ቁጥር አይደለም፤ ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው ኪው 400 አውሮፕላን አሥር ሰው ይዞ ቢመጣም እሳት አጥፊው ልብሱን ለብሶ መጠበቅ አለበት። ፈታሹ፣ ጥበቃው፣ የመብራቱ ቆጣሪ፣ የመንደርደሪያው ጥገና ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል። ገቢው ግን ከመንገደኛ አገልግሎት ክፍያ፣ ከማረፊያ ክፍያ፣ ከሱቅና ከካፌ ኪራይ የሚለቀም ስለሆነ ሰው ሲቀር አብሮ ይቀራል። በደጉም ዘመን ቢሆን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በታች መንገደኛ የሚያስተናግዱ የዓለም ኤርፖርቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በኪሳራ ነው። ወረርሽኙ በዚህ ላይ ነው የመጣው። በ2019 እ.ኤ.አ. 4.5 ቢሊዮን የነበረው የዓለም የአየር መንገደኛ በ2020 ወደ 1.8 ቢሊዮን ወረደ፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ኤርፖርቶች ያጡትን ገቢ 115 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል።

ታዲያ ማን ይክፈል? አሜሪካ ለኤርፖርቶቿ 10 ቢሊዮን ዶላር ከመንግሥት ካዝና መደበች። እንግሊዝ ውስጥ ፍላይቢ የተባለው አየር መንገድ የካቲት ማብቂያ ላይ ሲዘጋ እንደ ኤክስተር ያሉ ከተሞች ኤርፖርታቸው ዋና ደንበኛውን በአንድ ሌሊት አጣ። ደቡብ አፍሪካም እንደ ኪምበርሊ ያሉትን አነስተኛ ከተሞች የሚያገናኘውን ኤስኤ ኤክስፕረስን ሚያዝያ ላይ ለአጣሪ ሰጠች።

የእኛ አገር መንገድ ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተጠቃልሎ አንድ ግሩፕ ስለሆነ ከቦሌ ጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ፣ ሰመራና ጎዴ ያለው ኤርፖርት ሁሉ ቤተሰቡ አንድ፣ ኪሱም አንድ ነው። ወረርሽኙ ያንን ኪስ ክፉኛ ጎዳው፤ የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተወልደ ገብረማርያም በጥቂት ወራት 550 ሚሊዮን ዶላር ገቢ መታጣቱን ተናግረዋል። ያዳነው ጭነት ነው። አየር መንገዱ ከ20 በላይ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር ነቅሎ የሕክምና ቁሳቁስ ጫነባቸው። ከቻይናው ባለሀብት ጃክ ማ የተላከው እርዳታ ለአፍሪካ አገሮች የተከፋፈለው ከቦሌ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ሚያዝያ 6 ቀን የእርዳታ ማመላለሻ ማዕከሉን እዚያው ከፈተ። አየር መንገዱ የመንግሥት ድጎማ ሳይጠይቅ ክፉውን ቀን አለፈ። በአንድ ኪስ ሒሳብ ካየነው፣ ኮምቦልቻ ላይ የእሳት አጥፊው ደመወዝ የተከፈለው ቦሌ ላይ በተጫነ ጓንትና ጭምብል ነው።

ይህን አሠራር አደንቃለሁ። ኮምቦልቻ ለብቻዋ ብትሆን ኖሮ የኤክስተር ዕጣ ይደርሳት ነበር፤ ያውም አሜሪካ ያወጣችውን ዓይነት ገንዘብ የሚያወጣ ካዝና በሌለበት አገር። ነገር ግን በአንድ ኪስ የሚኖር ቤተሰብ ውስጥ የትንሹ ልጅ ወጪ አይታይም። ትርፉ ሲቀንስ ወይም የመሪዎች ሐሳብ ሲቀየር መጀመሪያ የሚቀነሰው በረራ ያ ያልታየው ነው። የላሊበላና የጎንደር ኤርፖርቶች የቱሪስት መዳረሻ በመሆናቸው ስለ እነሱ የሚጮህ አስጎብኚና ባለሆቴል አለ። የኮምቦልቻ መንገደኛ ግን ነጋዴ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ፣ ታማሚ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሮጥ ቤተሰብ፣ ዓረብ አገር ያለች እህቱን ሊቀበል የሚሄድ ወንድም ነው። ማኅበር የለውም።

ከወረርሽኙ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የዚህ መስመር ትርጉም ምን እንደሆነ አሳየን። ሚያዝያ 2013 ላይ በአጣዬና አካባቢዋ በተነሳው ግጭት የደሴ መንገድ ተዘጋ። ጥቅምት 2014 ማብቂያ ላይ ኮምቦልቻና ከሚሴ ራሳቸው በተዋጊዎች እጅ ወደቁ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ መንገዱም በረራውም አልነበረም። መኪና በማያልፍበት ቀን በረራ የሀብታም ቅንጦት ነው የሚል ሰው ከሚሴ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አንዲት ወላድ በአስቸኳይ ወደ አዲስ አበባ መወሰድ ሲኖርባት፣ ሰሜኑ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ክፍት ሆኖ ደቡቡ 325 ኪሎ ሜትር ሲዘጋ፣ ያለው መውጫ የኮምቦልቻ በረራ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ የእያንዳንዱን የአገር ውስጥ ኤርፖርት ገቢና ወጪ፣ የመንገደኛውንም ብዛት፣ በየዓመቱ ለየብቻ ያውጣ። ኪሳራ ካለ ኪሳራ ተብሎ ይጻፍ፤ ለሕዝብ አገልግሎት ተብሎ የሚሸከሙት ወጪ ከሆነም በዚያው ስም በጀት ይያዝለት። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ምክር ቤትና የደቡብ ወሎ ዞን ይህን ሒሳብ ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ አብረው ይጠይቁ።