ውሃ ሳይኖር «እርጥበት ተገኝቷል» ስለሚለው የስልክ ማስጠንቀቂያ

ባለፈው ክረምት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ስልክ ቻርጅ አልቀበልም አለ። ገመዱ በተሰካ ቁጥር የውሃ ጠብታ ሥዕል ብቅ ይልና በመሰኪያው ውስጥ እርጥበት መገኘቱን ያስታውቃል። ስልኩ ግን ውሃ አልነካውም። በውስጡ ከሽማግሌዎች አንደበት የተቀዳ፣ ገና ወደ ሌላ ቦታ ያልተገለበጠ ብዙ ድምፅ ነበረበት፤ ባትሪው ደግሞ 6 በመቶ ላይ ደርሶ ነበር። ጠጋኙ መሰኪያውን እንለውጥ አለ፤ ዋጋውም ለተማሪ ኪስ የሚቻል አልነበረም። ነገሩን መመርመር የጀመርነው እንግዲህ ወድደን ሳይሆን ተገድደን ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መረዳት ይገባል። ስልክ ውሃን ከሌላው ነገር ለይቶ አያውቅም፤ የሚለካው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ መኖር አለመኖሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዩኤስቢ ሲ የተባለው መሰኪያ በዚያች ጠባብ አፉ ውስጥ 24 የብረት እግሮች አሉት፤ የአንዱ እግር መካከል ከሚቀጥለው እግር መካከል የሚርቀው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኀይል ያመጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ቻርጀሩና ስልኩ የሚነጋገሩባቸው ናቸው። ከመነጋገሪያዎቹም አንዳንዶቹ ከኀይል አምጪዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ብዙ ስልኮች በነዚህ መነጋገሪያ እግሮች ላይ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላኩ፣ መምህራኖቻችን ሬዚስታንስ የሚሉትን ተቃውሞ ይለካሉ። መሰኪያው ንጹሕና ደረቅ ከሆነ አየሩ ስለማያሳልፍ ተቃውሞው በጣም ከፍ ይላል፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ስልኩ ውሃ ገብቷል ብሎ ይፈርድና በሩን ይዘጋል።

ፍርዱ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። ተራ ቻርጀር 5 ቮልት ይሰጣል፤ ፈጣኑ እስከ 20 ቮልትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ቮልት ጨው ባለበት እርጥበት ላይ ሲያርፍ በኬሚስትሪ ክፍል በብርጭቆ ያየነው ኤሌክትሮሊሲስ በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ይደገማል፤ የእግሩ ብረት እየሟሟ ይበላል፣ ትርፉም አረንጓዴ ዝገት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን አስገድዶ ማለፍ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ አንዳንድ ስልክ ለጭንቅ ጊዜ ይህን ቢፈቅድም እንኳ።

የጓደኛዬ ስልክ አንድ ለየት ያለ ጠባይ ነበረው። ጧት ጧት ይጮኻል፤ ፀሐይ የወጣ እንደ ሆነ እኩለ ቀን ላይ ዝም ይላል፤ በማግሥቱ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። አንዳንዶች በስልኩ ላይ ቀለዱ። እኔ ግን ቁልፉ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ አያሳልፍም፤ የሚያሳልፈው በውስጡ የሟሟው ጨው ነው። ላብ በኪስ ውስጥ ወደ መሰኪያው ከገባ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። የገበታ ጨው ደግሞ የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ራሱን ያሟሟል። የክረምት ጧት ከዚህ በላይ እርጥብ ነው፤ እኩለ ቀን ሲሞቅ ግን ይደርቃል። ጓደኛዬ ስልኩን በኪሱ ይዞ ኳስ ይጫወት እንደ ነበር የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። በመሰኪያው ሥር የተጠቀጠቀ የልብስ ብናኝም ይህንኑ ጨዋማ እርጥበት እንደ ጥጥ ይይዛል።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ሐሰት ነው ስንል መለኪያው ተሳስቷል ማለታችን ሳይሆን፣ ለአገኘው ነገር የሰጠው ስም አይስማማም ማለታችን ነው።

ከጠጋኝ በፊት ማድረግ የሚገባው ነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ ገመዱ ተነቅሎ ማስጠንቀቂያው ይጠፋ እንደ ሆነ ይታይ፤ ቀጥሎም ሌላ ገመድ ይሰካ። በአንዱ ገመድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቆሻሻው ያለው በገመዱ ራስ ላይ ነው፤ በሁሉም የሚመጣ ከሆነ ስልኩ ይመርመር። ስልኩን አጥፍቶ ማስነሣትም አይጎዳም፤ የቆየ ማስታወሻ ይዞ የሚጮኽ ፕሮግራም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ይስተካከላል። ጠፍቶ ሳለ ቻርጅ ከተቀበለ ግን ደረቅ ነው ተብሎ አይታመን፤ ፈራጁ ፕሮግራም ተኝቶ ሊሆን ይችላልና።

በእውነት ረጥቦ ከሆነ፣ አፕል ኩባንያ እንደሚመክረው፣ መሰኪያውን ወደ ታች አድርጎ መዳፍ ላይ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግና ነፋስ ባለበት ቢያንስ 30 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ፈጽሞ እስኪደርቅ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሩዝ ውስጥ መቅበርን ይኸው ኩባንያ ይከለክላል፤ ቅንጣቱ ገብቶ ይጎዳልና። በአፍ እፍ ማለትም ሞኝነት ነው፤ ትንፋሻችን ራሱ እርጥብ ነው።

ሠሪዎቹ ወደ መሰኪያው ምንም ነገር እንዳይገባ ይመክራሉ። እኛ ግን ሌላ መንገድ ስላልነበረን ስልኩን አጥፍተን፣ በአጉሊ መነጽር እያየን፣ በእንጨት ስቴኪኒ ብናኙን በጥንቃቄ አወጣን። መርፌ አልነካንም፤ እግሮቹን ያጣምማል። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ብሩሽ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረን ጠረግነው። ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ሲሶው ገደማ ውሃ ነው፤ ቢሆንም ጨው የሚሟሟው በውሃ እንጂ በአልኮል ስላልሆነ፣ በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በመጀመሪያ በዚህኛው ጠርጎ በ99ኙ ማድረቁ ሳይሻል አይቀርም። ሌሊቱን ሙሉ አስቀመጥነው።

በማግሥቱ ዝናብ እየዘነበ ስልኩ ዝም ብሎ ቻርጅ ተቀበለ፤ ድምፁም ተገለበጠ። በዚያው ሳምንት ያመጡልን ሁለተኛ ስልክ ግን በዚህ ሁሉ አልዳነም። በአጉሊ መነጽር ስናየው ከኀይል አምጪዎቹ እግሮች አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ግማሹ ተበልቷል፤ ባለቤቱም ለሁለት ሳምንት ያህል ማስጠንቀቂያውን እያለፈ ሲሞላው እንደ ነበር ነገረን። የእርሱ መሰኪያ ተለወጠ።