ሕመሙን የሚናገር ሞተር

ቡና የሚቆላ ሰው ዓይኑን ብቻ አያምንም። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ጆሮው ይነግረዋል፤ ጭሱ ሲወፍር አፍንጫው ያውቃል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ጋራዦች ያለ ልምድ ያለው መካኒክም እንደዚሁ ነው። ኮፈኑን ሳይከፍት በፊት «እስቲ አስነሣው» ይላል። ቆሞ ያዳምጣል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ጭሱን ያያል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው ለአየሩ በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፣ ምናልባት የፒስተኑ ፋሻ ተበልቷል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አልጠፋ ካለ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ይሆናል። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አልለይ ካለው ረጅም ካቻቢቴ ያነሣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ያደርጋል። ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ማለት ነው።

የሞተር ወዳጆች በያሉበት የየራሳቸው ንጉሥ አላቸው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስፒትፋየርን ያበረረውን ሮልስ ሮይስ መርሊን ያነግሣሉ፤ ጣሊያኖች ደግሞ ባለ 12 ሲሊንደሩን የፌራሪ ሞተር። በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ግን ፍጥነት ብዙ አያስመካም። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ለመግባት 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል፤ ከሚዛን ቴፒ ደግሞ ሌላ 50። አስፋልት ሳይገባ በፊት የክረምቱ ጭቃ ይህን መንገድ የቀናት ጉዞ ያደርገው ነበር። ጫካ መሐል ሞተር ቢቆም መለዋወጫው ያለው ጅማ ነው፤ ከጅማም ከጠፋ አዲስ አበባ። ስለዚህ እዚህ የሚወደደው ሞተር ከመሞቱ በፊት ሕመሙን የሚናገር፣ ሲታመምም እጅ ላይ ባለ መፍቻ የሚድን ነው። ይህችን ምድር ከቀረው ዓለም ጋር ካገናኟት ሞተሮች አራቱን በዚሁ ሚዛን እናስተዋውቃችሁ።

መንታው ተርብ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የመጀመሪያ በረራውን በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የበረረው ዳግላስ ሲ-47 ነበር፤ የዲሲ-3 የጦር ሜዳ ወንድም። የካይሮው በረራ ዜና ሆነ። ለቡናው አገር ግን ትልቁ ነገር ይህ አውሮፕላን አስፋልት የማይጠይቅ መሆኑ ነው። የተደለደለ የሣር ሜዳ ይበቃዋል። ሚዛን ተፈሪና ቴፒም ከጊዜ በኋላ በአገር ውስጥ በረራ መስመር ገቡ።

የዚያ ዘመን ተሳፋሪ ዛሬ የምናውቀውን ወንበር አላገኘም። የሸራ አግዳሚዎች ግራና ቀኙን ግድግዳ ተከትለው ይዘረጋሉ፤ ጭነቱ መሐል ወለሉ ላይ ይታሰራል፤ ሰው ከጆንያ ጋር ተፋጥጦ ይበራል። ሲ-47 የሚችለው ጭነት 2,700 ኪሎ ገደማ ነው። በ60 ኪሎ ጆንያ ስናሰላው 45 ጆንያ ቡና ይሆናል።

ይህን የሚያነሡት በየክንፉ የተሰቀሉት ሁለት ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1830 ሞተሮች ናቸው። የቤት ስማቸው «ትዊን ዋስፕ» ነው፤ በእኛ አባባል መንታ ተርብ። መንታ የተባለው ሲሊንደሮቹ ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ረድፍ ስለተደረደሩ ነው። 14ቱም መሐል ያለውን ዘንግ እንደ አበባ ቅጠል ከበው ይቆማሉ። የሲሊንደሮቹ ይዞታ ሲደመር 30 ሊትር፣ ጉልበቱ 1,200 ፈረስ፣ ክብደቱ 570 ኪሎ አካባቢ፣ ማለትም ዘጠኝ ጆንያ ተኩል ቡና ያህል ነው። ከ173,000 በላይ ተሠርቷል፤ ከአውሮፕላን የፒስተን ሞተሮች ይህን ያህል በብዛት የተመረተ የለም።

ራዲያተር የለውም። ሲሊንደሮቹ ፊታቸውን ለነፋስ ሰጥተው ስለሚቆሙ የሚያቀዘቅዛቸው አየር ነው፤ የሚፈስ ውሃም፣ የሚቀደድ የውሃ ቱቦም የለም። በየሲሊንደሩ ሁለት ሁለት ካንዴላ አለ፤ በአንድ ሞተር 28 መሆኑ ነው። አንዱ ቢያቅተው ሌላው ያቀጣጥላል።

የከፍታ ነገርም አለ። ሚዛን ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአሥር አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ሲደረስ ደግሞ አንድ አምስተኛው የለም። ሞተር የሚያነድደው ነዳጅ ብቻ አይደለምና አየሩ በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። መንታው ተርብ ለዚህ ከጀርባው ወናፍ ተሠርቶለታል፤ በሞተሩ ኃይል በጥርስ እየዞረ አየሩን ጨቁኖ ያስገባል። አንጥረኛ ፍሙን በወናፍ እንደሚያነሣሣ ነው።

አንድ አመል ግን አለው። ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይንጠባጠባል። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ እዚያ ዘይት ላይ በኃይል ቢወርድ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ቢየላው፣ ይጎብጣል። ስለዚህ ጠዋት ከማስነሣት በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ልማድ ነው። እጁ ላይ እምቢ ያለ ፕሮፔለር ታችኛው ሲሊንደር ውስጥ ዘይት እንዳለ ተናገረ ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሣ የሚተፋው ወፍራም ጭስም የዚሁ ያደረ ዘይት ቅሪት ነው፤ ለማያውቅ ያስደነግጣል፤ የሚያውቅ ግን ጭሱ እስኪጠራ ይጠብቃል።

ኤንትሬ

አውሮፕላኑ 45 ጆንያ ወሰደ። የቀረው ሁሉ በመሬት ነው። የኢትዮጵያ ሾፌር የከባድ መኪናን ናፍጣ ሞተር የተዋወቀው ጣሊያን በወረራው ዘመን ባመጣው ፊያት 634 ነው። ሕዝቡ ስሙን ከቁጥሩ መጨረሻ ወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ከዚያ ዘመን የተረፈን መኪናው ብቻ አይደለም፤ የጋራዡ ቋንቋ ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ብሎን፣ ዳዶ፤ ሚዛን ላይ አንድ ልጅ ረዳት ሆኖ ሥራ ሲጀምር ጣሊያንኛ መሆኑን ሳያውቅ የሚማረው መዝገበ ቃላት ይህ ነው።

በሾፌሮች ዘንድ የነገሠው ግን የኋለኛው ፊያት 682 ነው፤ በተለይ ኤን 3 የተባለው ዓይነት፣ በእኛ አፍ «ኤንትሬ»። የ682 ዘር እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ተመርቷል፤ ጣሊያኖችም «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሉታል። ከፊቱ ጢም የመሰለ ጌጥ አለው። ሞተሩ በመስመር የቆሙ ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት ናፍጣ ነው፤ ይዞታው ከ11 ሊትር በላይ፣ ጉልበቱ 180 ፈረስ ገደማ። የዛሬ ሾፌር ይህን ቁጥር ሲሰማ ሊስቅ ይችላል። በዚህ ዘመን በግማሽ መጠን ይህን ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ሞልቷል።

ምስጢሩ ያለው ትልቅ ሞተር ትንሽ ሥራ መሥራቱ ላይ ነው። በዝግታ ይዞራል፤ ራሱን አያስጨንቅም፤ ስለዚህም ቶሎ አይበላም። ካቢኑ ሞተሩ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ሞተሩ ያለው በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ነው። ሙቀቱ ጉልበታቸውን ያሞቃል፤ ድምፁ ጨዋታቸውን ያቋርጣል። ሌሊት ሲጓዙ ረዳቱ ቢያንቀላፋም ሾፌሩ ብቻውን አይደለም፤ አጠገቡ የሚያጉረመርመው ሞተር ዳገቱን እንዴት እንደያዘው ይነግረዋል። ድምፁ ሲከብድ ማርሽ ይቀንሳል። የሚያስፈልገው ሜትር ጆሮው ነበር።

የሃርድቶፑ ልብ

ቡናው ከማሳ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፣ በሽተኛው ከገጠር ወደ ሆስፒታል የሚመጣበት መንገድ ኤንትሬ አይገባበትም። እዚያ ቀድሞ የገባው ላንድሮቨር ነበር። የቤንዚኑ ላንድሮቨር ጠላት ወንዝ ነው። ቤንዚን የሚቀጣጠለው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለሆነ ውሃ ዲስትሪቡተሩን ሲረጨው ብልጭታው ይጠፋል፤ መኪናውም ወንዝ መሐል ይቆማል። ሾፌሩ ወርዶ በጨርቅ ያደርቀዋል።

ናፍጣ ብልጭታ አያስፈልገውም። አየሩ በኃይል ሲታመቅ ራሱ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት ይነድዳል። በዚህ ረገድ በመላው አገሪቱ የታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘሩ፣ በሾፌሮች አፍ የ«ሃርድቶፑ»፣ 1ኤችዜድ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ አካባቢ። አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ያምቀዋል። ናፍጣውን የሚያከፋፍለው ፓምፕ በሜካኒክ የሚሠራ ስለሆነ ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በኤሌክትሪክ ላይ ብዙ አይመካም። ባትሪው ደክሞ እንደሆነም ዳገት ላይ አቁሞ ማደርና ጠዋት ቁልቁል ለቆ ማስነሣት የሾፌሮች የቆየ ዘዴ ነው።

ተርቦ የለውም። እንደ መንታው ተርብ ወናፍ ስለሌለው ዳገት ላይ ሳሳ ያለ አየር ሲያገኝ ይደክማል፤ ሾፌሩ ነዳጁን አጥብቆ ሲረግጥም ጥቁር ጭስ ይለቃል። ወዳጆቹ ይህን እንደ ነውር አይቆጥሩበትም፤ የሚፈነዳ ተርቦ የለውማ። ጆሮ የማይሰማው ድካም ግን አንድ አለው፤ እሱም የታይሚንግ ቀበቶው ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል፤ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ጥንቁቅ ባለመኪና የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር ጽፎ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው።

ወንዝም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተረታም። ውሃው ከፍ ብሎ በአየር መሳቢያው ከገባ ያ የተርቡ የዘይት ነገር ይደገማል፤ ፒስተን ውሃ ማመቅ አይችልምና ቢየላ ይጎብጣል። በአየር የሚቀዘቅዘው የአውሮፕላን ሞተርና የላንድክሩዘሩ ናፍጣ በአንድ ሕግ ይሞታሉ። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሾፌር ጎርፍ ዳር ቆሞ መጀመሪያ ረዳቱን በእግሩ የሚያሻግረው፤ ውሃው ወገቡ ጋ ከደረሰ መኪናው ይጠብቃል።

ያለ ፒስተን የሚበረው

ከዲሲ-3 በኋላ ወደ ትንንሾቹ ሜዳዎች የመጣው ዲኤችሲ-6 ትዊን ኦተር ነው፤ ካናዳ የተሠራ፣ 20 ሰው የማይሞላ፣ በ400 ሜትር ውስጥ የሚነሣ። ሞተሩ ፒቲ6 ይባላል። ፒስተን የለውም፤ የሚነድደው ነጭ ጋዝ የመሰለ የአውሮፕላን ነዳጅ ነው፤ የሚዞረው በጋለ አየር ነው። ክብደቱ 150 ኪሎ ገደማ፣ ሁለት ጆንያ ተኩል ቡና መሆኑ ነው። በዚህ ክብደት 620 ፈረስ ይሰጣል። ከመንታው ተርብ ጉልበት ግማሽ ያህሉን በሩብ ክብደት ማለት ነው።

አሠራሩ የተገለበጠ ነው። አየሩ ከኋላ ይገባል፤ እየታመቀ ወደ ፊት ይመጣል፤ ነድዶ ከፊት በኩል ይወጣል። በሞተሩ ጅራት ሳይሆን ከፕሮፔለሩ ጀርባ የሚታዩት የጭስ ቱቦዎች ለዚህ ነው እዚያ የሆኑት። አየሩን የሚያምቀውን ክፍል የሚያዞረው ተርባይንና ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን በዘንግ አልተያያዙም፤ የሚያገናኛቸው የሚነፍሰው ጋዝ ብቻ ነው። አንድ ማራገቢያ ሌላውን በነፋሱ እንደሚያዞረው አስቡት። በርጥብ ሣር ላይ ሲያርፍ ደግሞ የፕሮፔለሩ ቅጠሎች ተገልብጠው አየሩን ወደ ፊት ስለሚገፉ ፍሬን የማይዘው ሜዳ ላይ ያቆመዋል። የዚህ ሞተር ቤተሰብ ከ50,000 በላይ ተሠርቷል።

ታዲያ ፒቲ6 ሕመሙን እንዴት ይናገራል? እንደ ናፍጣ አያንኳኳም፤ ጭሱም አይነበብም። የፈለገውን ያህል ካቻቢቴ ጆሮ ላይ ቢደረግ የሚሰማው አንድ ወጥ ፉጨት ነው። የሱ ንግግር በቁጥር ነው። አብራሪው የጋዙን ሙቀት፣ የዙሩን ፍጥነትና የነዳጁን ፍሰት ይመዘግባል። ለዚያው ጉልበት ሙቀቱ ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ ከሄደ ውስጡ የሆነ ነገር እየተበላ ነው። የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይልም፤ የወራት መዝገብ ግን ገና ያልመጣውን ብልሽት ይናገራል።

የዛሬዎቹ አይሱዙዎችና አዳዲስ ፒካፖች ወደዚህኛው ወገን እየተጠጉ ነው። ናፍጣውን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው፤ ሲታመሙ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራሉ፤ መብራቱ የት እንደሚያም ስለማይናገር መካኒኩ ማሽን ሰክቶ ኮድ ያነብባል። ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ጭሳቸው ቀጭን ነው፣ ዳገት ላይ አይደክሙም። ማሽኑ የሌለበት ቀበሌ ላይ ሲቆሙ ግን ዲዳ ናቸው።

ስለዚህ በቡናው አገር ያገለገለ መኪና ገዢ እስከ ዛሬ የማይተወው ልማድ አለ። ሻጩ «ከሰዓት ና» ቢለው አይመጣም፤ ጎህ ሲቀድ ሄዶ እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ ቀዝቃዛ መሆኑን ሳያረጋግጥ አያስነሣውም። ከሰዓት በኋላ የሞቀ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ሊመለስ፣ ቀለሙም ሊታደስ ይችላል። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ግን ጠዋት ሲነሣ መዋሸት አይችልም።