ወልዶ የተወና ተቀብሎ ያሳደገ

እናቱ ወይም አባቱ የሞተበትን ሕፃን አክስት ወይም አያት ተቀብላ ማሳደጓ በአገራችን ከጥንት የቈየ መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመት በኋላ በሕይወት ያለው ወላጅ መጥቶ «ልጄን ስጡኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ ፍርዱ ለማን ሊሆን ይገባል? ይህ ጥያቄ ብዙ ቤተሰብን የሚያውክ ስለ ሆነ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቍጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ለአንባብያን ልንገልጽ ወደድን።

የነገሩ ፍሬ እንዲህ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ የምታሳድገው አክስቱ ነበረች። አባቱ ለ12 ዓመት ያህል ልጁን ሳያሳድግ ከቈየ በኋላ፣ የሞግዚትነትና የአሳዳሪነት ሥልጣን ለእኔ ይገባል ሲል ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቶችም ለአባትየው ፈረዱለት። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ ለቀረው ወላጅ እንደሚሆን የቤተሰብ ሕጉ ይደነግጋልና።

አክስትየዋ ግን ነገሩን እስከ ሰበር ችሎት አደረሰችው። ችሎቱም ከቤተሰብ ሕጉ በላይ ያለውን ሕግ ተመለከተ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንኡስ አንቀጽ 2፣ ስለ ሕፃናት በሚወሰን ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲታሰብ ያዝዛል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነትም ይህንኑ ይላል። በዚህም መሠረት ለ12 ዓመት ሳያሳድገው ለቈየው አባት ልጁን መስጠት ለልጁ የሚበጅ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ የሥር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ተሽሮ ልጁ ከአክስቱ ዘንድ ጸና።

ይህን ስናነብ የንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ ትዝ ይለናል። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሕፃን በተካሰሱ ጊዜ፣ ንጉሡ ያስተዋለው የጩኸታቸውን ብርታት ሳይሆን ለሕፃኑ ሕይወት የራራችውን ልብ ነበር። በዚያ ታሪክ የራራችው የወለደችው ናት፤ በዚህኛው ግን የአሳዳጊነቱን ሸክም የተሸከመችው ያልወለደችው ናት። እንግዲህ የዚህ ፍርድ ትምህርት፣ ወላጅነት አስቀድሞ ግዴታ፣ ቀጥሎም መብት መሆኑ ነው።

የውሳኔው ጥቅም ለአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቍጥር 454/1997 መሠረት፣ ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጕም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያስገድድ ሆኗል። ይህ ሥርዐት በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1234 ዘንድም ጸንቶ ይገኛል።

ሆኖም ይህን ፍርድ ልጅን ከወላጅ ለመለየት መሣሪያ ሊያደርገው የሚሻ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ችሎቱ የወላጅን መብት አልሻረም፤ መብቱ በልጁ ጥቅም እንዲመዘን አደረገ እንጂ። በሥራ ምክንያት ርቆ ሳለ ስንቅና ልብስ የሚልክ፣ ስለ ልጁ ጤናና ትምህርት የሚጠይቅ አባት፣ ፈጽሞ ከተወው ጋራ አንድ ሆኖ አይታይም።

ስለዚህ የሟች ዘመዳችሁን ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ሁለት ነገር እንድትጠብቁ እንመክራለን። አንደኛው፣ የአሳዳጊነታችሁን ነገር በዘመድ ስምምነት ብቻ ሳትተዉ በፍርድ ቤት እንዲረጋገጥ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ የወረሰው ሀብት ቢኖር ከራሳችሁ ሀብት ሳትቀላቅሉ ገቢና ወጪውን በጽሑፍ መያዝ ነው። የልጁን ንብረት የሚመኝ አሳዳጊ፣ ስለ ንብረት ብሎ ከሚመጣ ወላጅ አይሻልምና። ልጁም ነገሩን ለማስተዋል የደረሰ እንደ ሆነ ቃሉ ይሰማ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ወላጅ የሌላቸውን በመከራቸው መርዳትን ከንጹሕ አምልኮ ጋራ ቈጥሮታል። የሙት ልጅ ወደ ቤታችን ሲገባ ፈራጁ እግዚአብሔር አብሮ እንደሚመለከተን አንርሳ። እርሱ ለወላጆች ኀላፊነትን፣ ለአሳዳጊዎች ቅንነትን፣ ለዳኞችም ማስተዋልን ያድልልን።