በከዋክብት ግዛት ጨዋታ ስለ መኖርና ስለ መስፋፋት

ክቡራን አንባቢዎቻችን ስለ ሰሊጥና ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ማጓጓዣ ወሬ በሚጠብቁበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ስንጽፍ የሚደነቁ ሳይኖሩ አይቀሩም። ሆኖም ጨዋታው ከቀልድ ይልቅ ለሒሳብ መዝገብ የሚቀርብ ሆኖ ስላገኘነው፣ በተለይም በአሶሳና በዙሪያዋ ለሚነግዱ ሰዎች የማያውቁትን አገር ሳይሆን የሚያውቁትን ችግር የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ልንልበት ወደድን።

ጨዋታው ስቴላሪስ ይባላል። ያወጣው ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበውም በግንቦት 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ተጫዋቹ አንዲት ዓለም፣ ጥቂት መርከቦችና መጠነኛ ስንቅ ይሰጠውና በማያውቀው ጠፈር ውስጥ መንግሥት እንዲያቆም ይተዋል። አሜሪካዊው ጸሐፊ አለን ኤምሪክ እ.ኤ.አ. በ1993 ማስተር ኦፍ ኦራዮን ስለ ተባለው የቀድሞ ጨዋታ ሲጽፍ፣ የዚህን ዐይነት ጨዋታ ሥራ መመርመር፣ መስፋፋት፣ በሀብት መጠቀምና ጠላትን ማጥፋት ሲል በአራት ከፍሎት ነበር። ጀማሪው ግን ከአራቱ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ይሮጣል።

የሚጠፋውም በዚሁ ነው። አንድን ኮከብ የግዛት አካል ለማድረግ በዚያ ላይ ጣቢያ መሥራት ያስፈልጋል። የጣቢያው መሥሪያ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ጣቢያውን ለማኖር የሚወጣው ኃይል ግን በየወሩ ይቈረጣል። ሕዝብ የሰፈረባት አዲስ ዓለምም ራሷን እስክትችል ድረስ ከእናት አገሯ ጐተራ ትበላለች። ከዚህም በላይ ግዛቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አዲስ ጥበብን ለማግኘት የሚወጣው ወጭ ይጨምራል። በካርታው ላይ ቀለሙ እየሰፋ ስለሚሄድ ጀማሪው ደስ ይለዋል፤ በገጹ ራስጌ ያለው የወር ሒሳብ ግን ቀይ ሆኗል። የኃይል ክምችቱ ያለቀ ዕለት ሥራው ሁሉ ይዳከማል፣ የጦር መርከቦቹም ጕልበታቸው ይቀንሳል፤ ይህን ሲመዝን የከረመው ጎረቤትም ጦርነት ያውጃል። ሁለተኛ ሱቅ በዱቤ ከፍቶ የአንደኛውን ሱቅ ትርፍ ለኪራይና ለዘበኛ ደመወዝ ሲገፈግፍ የኖረ ነጋዴ ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር አያስፈልገውም።

የአሶሳ አካባቢ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር አለው። የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 እና በ1821 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የፋዙግሊና የቤኒሻንጉል ወርቅ፣ ሌላው ለወታደርነት የሚፈልጋቸው ባሮች ነበሩ። ጦሩ ፋዙግሊ ደረሰ፤ የተገኘው ወርቅ ግን ከተወራለት እጅግ ያነሰ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1838 መጨረሻ ገዥው ራሱ በሰባ ዓመቱ ገደማ ወደ ሱዳን ወጥቶ የወርቁን አገር ተመለከተ። መልሱ አልተለወጠም።

ሁለተኛው የጨዋታው ነገር መንገድ ነው። መርከቦች በጠፈር እንደ ልብ አይበሩም፤ ከኮከብ ወደ ኮከብ በተዘረጉ መሥመሮች ብቻ ይጓዛሉ። ብዙ መሥመሮች በአንድ ኮከብ ላይ የሚገናኙበት ጠባብ በር አለ። ልምድ ያለው ተጫዋች ድንበሩን ሁሉ ለማጠር አይደክምም፤ ይህን በር አስቀድሞ ይይዛል፣ ምሽጉንም በዚያ ያጠነክራል። አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ሲሆን ዋናው መንገድ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ ያልፋል። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ወለጋ በነበረው ግጭት ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ የአሶሳ ነጋዴ የጠባብ በርን ትርጕም በገዛ ኪሱ ተምሮታል። አውሮፕላን ሰውንና ቀላል ዕቃን ያደርሳል፤ ሲሚንቶና ዘይት ግን መኪና ይጠብቃሉ። መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ገንዘቡን ሁሉ ለመስፋፋት ያዋለ ሰው፣ በጨዋታውም ሆነ በባምባሲ መንገድ፣ በሩ የተዘጋ ዕለት የሚሸጠው የለውም።

ደካማው በብርቱዎች መካከል የሚኖርበት ሦስተኛ ዘዴ አለ፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የረቀቀው ይህ ነው። ታናሹ መንግሥት ለታላቁ ገብሮ፣ ከገቢው ምን ያህል በየወሩ እንደሚከፍል በውል ይስማማል፤ በምትኩም ጥበቃ ያገኛል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ተጨማሪ ክፍል ይህን ውል አንቀጽ በአንቀጽ ለመደራደር የሚያስችል አድርጎታል።

የአሶሳው ገዥ ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ይህን በምድር ላይ ሠርተውታል። በአንድ ወገን የሱዳን ድርቡሾች፣ በሌላ ወገን የዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት፣ ኋላም እንግሊዞች የወርቁን አገር ይመለከቱ ነበር። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር አካባቢውን ለኢትዮጵያ ካስገበረ በኋላ ሼኩ በአዲስ አበባ ታስረው ቈዩ። ተለቀው ሲመለሱ ግን የወርቅ ግብር ለቤተ መንግሥት በማቅረብ ከአካባቢው ገዥዎች ሁሉ የበለጠ ሥልጣን አገኙ። ወሰኑ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ሲለይ ቤኒሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል ቀረ። ሼኩ እስከ ሞቱበት እስከ 1930 ዓ.ም. ድረስ የአገሩ ታላቅ ሰው ሆነው ኖሩ፤ በአዲስ አበባ ጉለሌ ያለው ሸጎሌ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከሳቸው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መስፋፋት በወርቅ ብቻ አልቆመም። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ ሕዝብ ብዙዎች ተይዘው ተሸጠዋል፤ የሼኩ ቤተ ሰብም በዚህ ንግድ እጁ ነበረበት። በጨዋታው ውስጥም ተጫዋቹ ከፈለገ ሕዝብን ባሪያ ማድረግ ይችላል፤ በሒሳቡ ላይ የሚታየው የማዕድኑ ጭማሪ ነው። ይህን ክፍል ያለ ቅሬታ ልናመሰግነው አንችልም፤ በቤኒሻንጉል ቍጥሩ የሰው ስም ነበረው።

ጨዋታውን ለመሞከር የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር፣ ሲጀምር የጠፈሩን ስፋት የሚመርጠው ራሱ መሆኑን ይወቅ። ትንሹ 200 ከዋክብት፣ ትልቁ 1000 ከዋክብት አሉት። ለጀማሪ ትንሹ ይበቃዋል፤ የጎረቤቶቹንም ቍጥር ይቀንስ። ሰዓቱን አቁሞ ትእዛዝ መስጠት ስለሚቻልም፣ እያንዳንዱን ጣቢያ ከማዘዙ በፊት የወሩን ሒሳብ ተረጋግቶ ቢመለከት ጥሩ ነው።