ኮድን መተቸትና ሰውን መዝለፍ፦ የሊኑክስ የሥነ ምግባር ደንብ

በኪሳችሁ በአንድሮይድ የሚሠራ የእጅ ስልክ ካለ ሊኑክስም አብሯችሁ አለ ማለት ነው። ሊኑክስ የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ባለሙያዎች ከርነል የሚሉት ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ላይ በፍጥነታቸው ቀዳሚ ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐርኮምፒዩተሮች በሙሉ የሚሠሩት በዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ግዙፍ ፕሮግራም የሚያዘጋጁት ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የተቀመጡ ሠራተኞች አይደሉም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከጀመረው ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች ከየአገሩ ሥራቸውን አዋጥተዋል። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንም ሰው ስሕተት አርሞ ወይም አዲስ ነገር ጨምሮ በኢሜይል መላክ ይችላል። የየክፍሉ ኃላፊም መርምሮ ይቀበለዋል ወይም ጉድለቱን ገልጾ ይመልሰዋል።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በከርነል ውስጥ ያመለጠች አንዲት ስሕተት የብዙ ሰዎችን መረጃ ልታጠፋ ስለምትችል ጥብቅ ትችት የግድ ያስፈልጋል። ዳሩ ግን «ይህ ትእዛዝ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙን ያቆመዋል» ማለትና «ይህን የጻፈ ሰው አእምሮ የለውም» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን መታረም እንዳለበት ያመለክታል፤ ሁለተኛው ስለ ኮዱ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ቶርቫልድስ ራሱ ለረጅም ዘመን ሁለቱን ቀላቅሎ በመጻፍ ይታወቅ ነበር።

ስድቡን የጥራት ጠባቂ አድርገው የሚያወድሱ አልጠፉም። እነዚህ ሰዎች አንድ ትልቅ ዕዳ ከሒሳባቸው የዘነጉ ይመስለኛል። በፈቃዱ የሚሠራ ሰው ሲሰደብ አብዛኛውን ጊዜ አቤት አይልም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ሊጽፈው ይችል የነበረው ኮድ የትም ስለማይመዘገብ ጉዳቱን መቁጠር አይቻልም። ተቺውና ተተቺው ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ብዙዎቹም የሚጻጻፉት አፍ ባልፈቱበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ቀልድ የሆነው ቃል ለሌላው የዕለቱ ሐዘን ሊሆን ይችላል።

ሌሎች ማኅበረሰቦች ነገሩን ቀደም ብለው አስበውበታል። በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኡቡንቱ፣ ስሙን ሰብአዊነትን ከሚገልጽ የደቡብ አፍሪካ ቃል የወሰደው፣ ገና ከጅምሩ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው። በይፋ አባል ለመሆን የሚፈልግም ይፈርምበታል። ከርነሉ ግን እስከ 2015 ቆየ። ያን ጊዜ የወጣው አጭር ጽሑፍ ርእስም «የግጭት ደንብ» የሚል ነበር፤ ቀልድ መሆኑ ነው። ኮድ የላከ ሁሉ ትችት እንደሚጠብቀው ያስጠነቅቅና ተበደልኩ የሚል ለቴክኒክ አማካሪ ቦርዱ ያመልክት ይላል። የትኛው ድርጊት ክልክል እንደሆነ አይዘረዝርም።

በሴፕቴምበር 2018 ቶርቫልድስ በኢሜይል ይሰነዝራቸው የነበሩት ዘለፋዎች ተገቢ እንዳልነበሩ በይፋ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሰዎችን ስሜት ለመረዳት እገዛ እንደሚሻም ገልጾ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ራቀ። 4.19 የተባለውን እትም ያወጣው ግሬግ ክሮ ሃርትማን ነበር። በዚያው ሰሞን «የግጭት ደንቡ» ተሽሮ፣ ኮራላይን አዳ ኤምኬ በ2014 ካዘጋጀችው የአስተዋጽዖ አድራጊዎች ቃል ኪዳን የተወሰደ ደንብ ተተካ። ደንቡ የፖለቲካ መሣሪያ ይሆናል፣ ብቃትም ሁለተኛ ቦታ ይይዛል የሚል ተቃውሞ ወዲያው ተሰማ። ስጋቱ ጨርሶ መሠረተ ቢስ ነበር ለማለት ይከብዳል፤ የከርነሉ ሰዎችም በኦክቶበር አፈጻጸሙን የሚተነትን ማብራሪያ አክለውበታል።

ደንቡ ከባድ ፈተና የገጠመው በኖቬምበር 2024 ነው። ቢካሼፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ዋና አዘጋጅ ባልደረባውን በጽሑፍ በመዝለፉ፣ በ6.13 እትም የዝግጅት ወቅት የሚልከው ኮድ ተቀባይነት እንዳይኖረው ኮሚቴው ሐሳብ አቀረበ፤ ቦርዱም አጸደቀው። ውሳኔው ስለ ኮዱ ጥራት አልነበረም። የፋይል ሥርዓቱ ተጠቃሚዎች በጠቡ ውስጥ እጃቸው ባይኖርበትም፣ ከአዘጋጁ ይጠብቁት የነበረውን ማሻሻያ በዚያ እትም ሳያገኙ ቀሩ። ለቀጣዩ እትም የላከው ኮድ እንደገና ገባ። ይሁን እንጂ አዳዲስ ለውጦች በየትኛው ወቅት ሊላኩ ይገባል በሚለው ላይ ክርክሩ አገረሸና፣ በ2025 ቢካሼፍኤስ ከከርነሉ ወጥቶ ለብቻው መዘጋጀት ጀመረ።