የደረቀው ሐይቅ ሒሳብ፤ ከሐረማያ እስከ ሁርሶ

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ የምትገኘው ሁርሶ ሐይቅ የላትም። በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው በወታደራዊ ማሠልጠኛዋ ነው። በአካባቢው መሬት የሚያይ ባለሀብት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃ ነው። ቆላው ሞቃት፣ ዝናቡም አነስተኛ በመሆኑ እርሻም ሆነ ፋብሪካ በአብዛኛው የሚታሰበው በጉድጓድ ውሃ ነው። ይህ ውሃ እስከ መቼ ያዘልቃል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነው ከተራራው በላይ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ነው።

ሐረማያ፣ በቀድሞ አጠራሩ ዓለማያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በደህናው ዘመን ከ4 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር። የሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከዚህ ሐይቅ ነው፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የተቆረቆረው በአቅራቢያው ነው። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ጀልባ ይንሳፈፍበት በነበረው ወለል ላይ ከብት ተሰማራበት።

ሐይቅ እንደ ባንክ ሒሳብ

የአንድ ሐይቅ አሠራር ከባንክ ሒሳብ ብዙም አይለይም። ገቢው ዝናብ፣ ከዙሪያው የሚወርድ ጎርፍና ከመሬት ሥር የሚመነጭ ውሃ ነው። ወጪው ደግሞ ትነት፣ ወደ መሬት የሚሰርግና ሰው የሚቀዳው ነው። ሐረማያ የሚፈስበት መውጫ ወንዝ ስላልነበረው ትልቁ የተፈጥሮ ወጪው ትነት ነበር።

ለግንዛቤ ያህል፣ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና በአማካይ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በዓመት 1.5 ሜትር ውሃ ቢተን 6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም የካፒታሉ ግማሽ፣ ማንም ሳይነካው ይሄዳል። ዝናብ ይህን እየተካ እስከቀጠለ ድረስ ችግር የለም። አሁን 100 የውሃ ሞተሮች ይጨመሩ። እያንዳንዱ በሴኮንድ 10 ሊትር እየሳበ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፣ በአምስት የበጋ ወራት ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይወጣል። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ እንዲህ ያለ ወጪ ለብዙ ዓመት አይሸከምም።

ሞተሩን ወደ ሐይቁ የጠራው ገበያው ነው። ጫት በበጋ ይወደዳል፤ ውሃ ያለው ገበሬ ሌላው በማያገኝበት ወቅት ለጋ ቅጠል ይዞ አወዳይ ይደርሳል። ከአወዳይ የሚነሳው ጫት በጅቡቲና በሶማሊያ ገበያ የሚጠበቅ ነው። ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ጎመኑም እንዲሁ ድንበር ይሻገራል። ገበሬው ግን የሚከፍለው የነዳጅና የሞተር ዋጋ ብቻ ነው፤ ውሃው ራሱ ዋጋ አልነበረውም። እርሱ ቢቆጥብ ጎረቤቱ ይስበዋል። በመሆኑም እያንዳንዱ በራሱ ስሌት ትክክል ሆኖ ሳለ ሁሉም በአንድነት ከሰሩ።

በዚህ ላይ ደለል ተጨመረ። ዛፍ የተራቆተው ዙሪያ ገብ ኮረብታ በየክረምቱ አፈሩን ወደ ሐይቁ ያወርድ ነበር። ደለል የሐይቁን መያዣ ያጠበዋል። ያው ውሃ ወደ ላይ ተነስቶ ጠርዙን አልፎ በስፋት ሲተኛ ለፀሐይ የሚጋለጠው ወለል ይሰፋል፣ ትነቱም ይጨምራል።

ውሃው ከማለቁ በፊት

ሐይቅ ከመድረቁ አስቀድሞ ይታመማል። ጥልቀቱ ሲቀንስ ነፋስ የታችኛውን ጭቃ ያማስለዋል። ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከሥር የሚበቅሉት ዕፅዋት ይሞታሉ። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ ደግሞ አረንጓዴ አልጌን ያፋፋል። አልጌው ቀን ኦክስጅን ቢሰጥም ሌሊት መልሶ ይወስዳል፤ ሲሞትና ሲበሰብስ ይብሳል። ያን ጊዜ ዓሣው አየር አጥቶ ይንሳፈፋል፣ ወፎቹም ይሰደዳሉ። ለመጠጥ የሚያጣራው ድርጅትም ለኬሚካል የሚያወጣው ገንዘብ ይጨምራል።

መውጫ የሌለው ሐይቅ ሌላም አደጋ አለበት። ውሃ ሲተን ጨው ይቀራል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጽ የሚወጣ ወንዝ ሳይኖረው ያልመረረው ከመሬት ሥር እየሰረገ ጨዉን ይዞ የሚወጣ ውሃ ስላለ ነው። ዝዋይ (ደምበል) ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይፈሳል። ከዝዋይ የሚቀዳው የአበባና የአትክልት እርሻ ውሃ ስለዚህ የሚቆረጠው ከአብያታ ገቢ ላይ ነው። የሶዳ አሽ ፋብሪካ የተተከለበት አብያታ በስፋቱ እጅግ መሸሹ ለዚህ ምስክር ነው። በዓለም ደረጃም በመካከለኛው እስያ የአራል ባሕር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሸሸው ገባር ወንዞቹ ወደ ጥጥ እርሻ በመጠለፋቸው ነበር።

ሽቅብ የሚወጣ ውሃ

ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር በጀሪካንና በቦቴ ውሃ ላይ ወደቀች። መፍትሔው የተገኘው ከታች ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር በተካሄደ ፕሮጀክት በድሬዳዋ ቆላ፣ በድሬ ጃራ፣ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃው በቧንቧ ተራራውን ሽቅብ እንዲወጣ ተደረገ። ሐረማያ የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ሲሆን የድሬዳዋ ቆላ የአዋሽ ነው። ስለዚህ የአንዱ ተፋሰስ ጉድለት የተሞላው ከሌላው ተበድሮ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ብድር ወለድ አለው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ቢያንስ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። 800 ሜትር ለማውጣት 2.2 ይደርሳል፤ 70 ከመቶ በሆነ ብቃት በሚሠራ ፓምፕ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያልፋል። የጉድጓዱ ጥልቀትና በቧንቧው ውስጥ ያለው ግጭት ገና አልተጨመሩም። በቅርብ የነበረው ሐይቅ ይህን ሁሉ ኃይል ሳያስወጣ ይሰጥ ነበር። ሲደርቅ የታየው ኪሳራ አንዱ ክፍል ይኸው ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሐረማያ ውሃ ተመልሶ ታይቷል። ጥሩ ዝናብ፣ በተፋሰሱ የተሠራው እርከንና የተተከለው ችግኝ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ የተመለሰው ሐይቅ እንደ ቀድሞው ጥልቀት የሌለው ነው፤ የበጋ ጫት ዋጋም እንደ ቀድሞው ይጣራል። የሚቀዳው መጠን ካልተወሰነና ለውሃው ዋጋ ካልተተመነ ያው ሒሳብ እንደገና ይዘጋል።

ሁርሶ ላይ ያለው ልዩነት ካዝናው የማይታይ መሆኑ ነው። ሐይቅ ሲሸሽ ዳርቻው ይናገራል፤ ከርሰ ምድር ሲጎድል ግን የሚናገረው ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደው የውሃ ወለል ብቻ ነው። የቆላውን ጉድጓድ የሚሞላውም በአመዛኙ ከተራራው ጥግ የሚሰርገው ዝናብ በመሆኑ፣ የደጋው መራቆት የቆላው ባለሀብት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቦታ የሚገዛም ሆነ የሚያገናኝ ሰው «ጉድጓዱ በሴኮንድ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብሎ ብቻ መርካት የለበትም። የውሃው ወለል በበጋ መጨረሻ ስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ ክረምት ሲመጣ ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነና ከዚያው ካዝና የሚቀዱ ሌሎች ጉድጓዶች ስንት እንደሆኑ መጠየቅ አለበት። ከዓመት ዓመት የማይመለስ ወለል ያለው ጉድጓድ ትርፍ እየሰጠ አይደለም፤ ካፒታሉን እየበላ ነው።