ጉበትን የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ አይደለም

ዶካ፦ ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዶካና በአካባቢዋ የሰሊጥና የማሽላ ሥራ ሲደርስ ብዙ ሰው አንድ ላይ ያድራል። አንዳንዴ አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ይሆናል። ዛሬ የምናወራችሁ በዚህ ምላጭ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ግን ለዓመታት ድምፁን ስለማያሰማ በሽታ ነው፦ ሄፓታይተስ ቢ።

ዓይን ቢጫ ሲሆን ሁላችንም «የወፍ በሽታ ነው» እንላለን። ነገር ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በገዳሪፍ የስደተኛ ካምፖች የታየው ሄፓታይተስ ኢ በተበከለ ውሃ የሚመጣ ነው፤ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ቢሆንም አብዛኛው ሰው ይድናል። ቢ ግን በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አዋቂ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ያስወግደዋል። ሲወለዱ ከተያዙ 10 ሕፃናት ግን በ9ኙ ላይ ሥር ይሰዳል።

ለምን? ሰውነታችን ዘበኞች አሉት። ጉበት ውስጥ ኩፕፈር የሚባሉ ሕዋሳት ከደም ጋር የሚመጣውን ተህዋስ ይውጣሉ። «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት ደግሞ በቫይረስ የተያዘ ሕዋስን ያጠፋሉ። የቢ ቫይረስ ግን ውሻ ሳያስጮህ እንደሚገባ ሌባ ነው። ሲቆይ ዘበኞቹ ይላመዱታል፤ ቫይረሱን የሚያዳክመውን ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ማምረትም ይቀንሳሉ። የመግደል ኃይላቸው ግን አይጠፋም፤ የራስን ጉበት ይመታሉ። ስለዚህ ጉበት የሚቆስለው በአብዛኛው በቫይረሱ ሳይሆን በዚህ ማለቂያ ባጣ ውጊያ ነው። ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ሲበዛ ጉበት ይደርቃል፣ አንዳንዴም ካንሰር ይከተላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? «ደህና ነኝ» ማለት ነፃ ነኝ ማለት አይደለም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ቫይረሱን የሚገታ ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን አለ፤ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ፕሮግራም ለሕሙማን ተሰጥቷል። የተያዘ ሁሉ ግን ኪኒን አያስፈልገውም፤ የሚወስነው ሐኪም ነው። የጀመረም በራሱ ፈቃድ አያቁም። ክትባትም አለ፤ ለሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። እናቶች፣ ክሊኒክ ስትሄዱ ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ የታመመ ወንድም እህታችንን አናግልል። አብሮ መብላትና መጨባበጥ በሽታውን አያስተላልፍም። ምላጩን ለየብቻ፣ እንጀራውን አብረን።